ከቀለሙ በፊት ውኃውን እንወቅ

/የሕንፃ ጉዳይ ኮሚቴው በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር ነው። ያልተገኙ አባላት አንብበው በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፃቸውን እንዲሰጡ ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።/

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሠፈራችን ነዋሪዎችና የሱቆቹ ተከራዮች!

 

ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ሁላችሁም ስለምታውቁት ጉዳይ ለመናገር ነው። ይኸውም የማኅበራችን የሱቆች ሕንፃ ቤዝመንት በየክረምቱ ውኃ የሚቋጥር ስለመሆኑና ለዚህ ምን ዓይነት መከላከያ ብንመርጥ እንደሚሻል ነው። «ይህ የግንበኛና የመሐንዲስ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከሱቆቹ ኪራይ የሚገኘው ገንዘብ የጥበቃዎቻችን ደመወዝ፣ የመንገድ መብራታችን ማስጠገኛና የችግረኛ ቤተሰቦች መርጃ መሆኑን ስናስብ፣ ወደዚያ ቤዝመንት የሚገባው እያንዳንዱ ጣሳ ውኃ ከሁላችንም ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

እንደሚታወሰው ከአሁን በፊት ሁለት ጊዜ ገንዘብ አውጥተናል። በ2013 ዓ.ም. ግድግዳውን ከውስጥ በኩል አስፍቀን፣ ውኃ አያስገባም የተባለ ቀለም አስቀባን። በጋውን ሙሉ አማረ፤ እኛም ተደሰትን። ሐምሌ ሲገባ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ፤ ነሐሴ ላይ እየተላጠ ወረደ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ «ቀለሙ ሳስቶ ነው» ተባለና የሲሚንቶ ልስን ጨምረን በድጋሚ አስቀባን። ያም እንደ ቅርፊት ተገምሶ ወደቀ። የአንድ ተከራያችን ስድሳ ኩንታል ያህል እህል የሻገተው ያን ጊዜ ነው። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ሰው መጥቶ «የእኔ ዕቃ ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ ባልዲውን ብቻ ግዙ» ይለናል። ከእናንተም መካከል «እንግዲያው ይቀባና እንገላገል» የምትሉ አላችሁ።

ሁለቱንም ጊዜ «ይቀባ» ብለን የፈረምነው እኛው የኮሚቴው አባላት ነንና ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ አናላክክም። ጥፋታችን አንድ ነው። ውኃው ከየት እንደሚመጣና በምን ያህል ጉልበት እንደሚመጣ ሳንጠይቅ መድኃኒቱን ገዛን። በሽታው ሳይታወቅ ኪኒን እንደ መዋጥ ማለት ነው። ስለዚህ ያለፈውን ክረምት ለምርመራ ተጠቀምንበት። ያገኘነውንም እንነግራችኋለን።

ቀለሙ ለምን ተላጠ?

ውኃ ክብደት አለው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን፣ ማለትም አሥር ኩንታል ይመዝናል። በአፈር ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ከቤዝመንቱ ወለል በላይ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ሲቆም፣ በግድግዳው ግርጌ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ያህል ይገፋል። ሁለት ሜትር ከቆመ ሁለት ቶን ነው። ወለሉንም ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። በትክክል ያልተሠራ ወለል በመካከሉ የሚሰነጠቀው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ታዲያ ከውስጥ የተቀባ ቀለም ከግድግዳው ጋር የተያያዘው በማጣበቂያ ኃይሉ ብቻ ነው። ውኃው በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አልፎ ከቀለሙ ጀርባ ሲደርስ ከኋላ ይገፋዋል። በመንገዱም ጨው ይዞ ይመጣል፤ ግድግዳው ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ የምናየው እርሱ ነው። ጨውም ከቀለሙ ሥር ሆኖ ያፈናቅለዋል። ያው መሸፈኛ ከውጭ በኩል ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ግን ውኃው ራሱ ወደ ግድግዳው ይጫነው ነበር። የዝናብ ልብስ ከልብስ በላይ እንጂ ከልብስ ሥር አይለበስም። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ ማለት ከውስጥ የሚደረግ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከውስጥ ሆኖ ግፊትን የሚችል ዓይነት አለ፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን። ተራ ቀለም ግን ከዚያ ውስጥ አይደለም።

ውኃው ከየት ነው?

በቤዝመንት ውስጥ የሚታይ ውኃ ሁሉ ከአንድ ቦታ አይመጣም። እያንዳንዱ ነዋሪ በቤቱም ሊሞክራቸው የሚችሉ ቀላል ፈተናዎች ስላሉ በዝርዝር እንናገራቸዋለን።

1ኛ/ ጤዛ ነው ወይስ ከግድግዳ የመጣ? አንድ ካሬ ሜትር ያህል ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ነው። እርጥበቱ በላስቲኩ ፊት ላይ ከታየ ከክፍሉ አየር የመጣ ጤዛ ነው፤ መድኃኒቱም መስኮትና አየር ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከታየ ግን ከግድግዳው የመጣ ነው። የእኛው ከጀርባ ነበር።

2ኛ/ የቧንቧ ፍሳሽ ነው? ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን ማንበብ፣ ጧት ደግሞ መልሶ ማንበብ ነው። ከተንቀሳቀሰ ከመሬት ሥር የሚፈስ ቧንቧ አለ። የእኛ ቆጣሪ አልተንቀሳቀሰም።

3ኛ/ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው? ሽታው ይናገራል። ካልተረጋገጠም ቀለም ያለው ውኃ በመጸዳጃው ለቅቆ በቤዝመንቱ መታየቱን መጠበቅ ነው። ይህንንም አደረግን፤ አልታየም።

4ኛ/ የከርሰ ምድር ውኃ ነው ወይስ የዝናብ? ይህ ዋናው ጥያቄ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ በእጅ መሰርሰሪያ ሁለት ጉድጓድ አስቆፍረን፣ ጎን ጎኑ የተበሳሳ ቱቦ አቆምንባቸው። አንደኛው ከግድግዳው አጠገብ፣ ሁለተኛው ራቅ ብሎ ከግቢው ጥግ ነው። ከዚያም እስከ መስከረም በየሳምንቱ ቅዳሜ በሜትር ለካን።

የቤዝመንታችን ወለል ከመሬቱ ፊት 3 ሜትር ዝቅ ይላል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከግድግዳው አጠገብ ባለው ቱቦ ውስጥ ውኃው ከመሬት ፊት 1 ሜትር ተኩል ላይ ቆሞ አገኘነው። ይህም ማለት ከወለላችን በላይ 1 ሜትር ተኩል ውኃ ቆሟል፤ የግድግዳውን ግርጌ በየካሬ ሜትሩ አንድ ቶን ተኩል ይገፋል ማለት ነው። ራቅ ባለው ቱቦ ግን ክረምቱን ሙሉ ውኃው ከወለላችን ከፍታ በታች እንጂ በላይ አልታየም።

ይህ ነገር መጀመሪያ ግራ አጋባን። ኋላ ግን ገባን። ሕንፃው ሲሠራ ለመሠረቱ ከሚያስፈልገው ሰፋ ተደርጎ ተቆፈረ። ከዚያም በግድግዳውና በተቆፈረው መካከል ያለው ክፍተት በልል አፈርና በድንጋይ ስብርባሪ ተሞላ። ዙሪያው ያለው ግን ውኃ በቀላሉ የማያሳልፍ ጥቁር አፈር ነው። እንግዲህ ሕንፃችን በገበቴ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ከላይ የገባው ዝናብ በልሉ አፈር ይወርዳል፤ መውጫ ግን የለውም።

ከላይ የሚያስገባውስ ማን ነው? እኛው ነን። የጣራው ሁለት የአሸንዳ መውረጃ ቱቦዎች የሚያፈሱት ከግድግዳው ሥር ነው። የግቢው ሊሾም ተዳፋቱ ወደ ሕንፃው ነው። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ በአማካይ ከ1,100 ሚሊ ሜትር የማያንስ ሲሆን፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ጣራችን 200 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ብቻ 6,000 ሊትር፣ ማለትም 30 በርሜል ውኃ ከግድግዳችን ሥር ያፈሳል። ይህን ያህል ውኃ እያጠጣን ግድግዳውን ብንቀባው ምን ይጠቅማል?

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከአለት የተፈለፈሉት ሕንፃዎች ከመሬት ፊት በታች ሆነው ሳለ ዙሪያቸውን የውኃ መውረጃ ቦይ ተፈልፍሎላቸዋል። መጀመሪያ ለውኃው መንገድ ተሰጠው ማለት ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ከመሬት በታች ላለ ሕንፃ የሚመረጠው መከላከያ ብዙ ስም ቢኖረውም፣ መንገዱ ሦስት ነው። ቢ ኤስ 8102 የተባለው የእንግሊዝ አገር ደንብም የሚከፍለው በሦስት ነው።

ሀ/ መሸፈን። ግድግዳውንና ወለሉን ውኃ በማያሳልፍ ነገር መጠቅለል ነው። ከዚህ ውስጥ በአገራችን በብዛት የሚሠራበት በጥቅል የሚመጣው የሬንጅ ሽፋን፣ ሠራተኞች ሜምብሬን የሚሉት ነው። ግድግዳው ደርቆና ተጠርጎ ፕራይመር ይቀባል፤ ከዚያም ጥቅሉ በጋዝ እሳት እየተለበለበ ይለጠፋል። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ጥቅል ሲገናኝ በጎን ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር መደራረብ አለበት። ጥሩነቱ ስለሚሳብ ግድግዳው በጥቂቱ ሲሰነጠቅ አብሮ አለመቀደዱ ነው። ድክመቱ አንድ ቦታ ከተበሳ ውኃው በሌላ ቦታ ብቅ ማለቱና ቀዳዳው አለመታወቁ ነው። ስለዚህም አፈር ከመመለሱ በፊት በመከላከያ ሰሌዳ ወይም በግንብ መሸፈን አለበት። አፈር የሚመልሰው ሠራተኛ ድንጋዩን በቀጥታ በሜምብሬኑ ላይ ከደፋው ገንዘባችን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ ማለት ነው።

ከዚሁ ወገን በፈሳሽ መልክ የሚቀባ የፖሊዩሬቴን ሽፋንና ከቤንቶናይት ሸክላ የሚሠራ ምንጣፍ አለ። ቤንቶናይት ሲረጥብ ስለሚያብጥ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል። የእኛ ጥቁር አፈር ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲሰነጠቅ ታዩ የለም? በሁለቱም ውስጥ ያለው የሚያብጥ የሸክላ ዓይነት አንድ ነው። ነገር ግን ቤንቶናይት የሚሠራው በአፈርና በግድግዳ መካከል ተጨምቆ ሲያዝ ብቻ ነው።

ለ/ ኮንክሪቱን ራሱን ውኃ እንዳያሳልፍ አድርጎ መሥራት። ይህ በተለይ ለአዲስ ሕንፃ ነው። ከእናንተም መካከል ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ስላላችሁ ቆም ብለን እንየው። ኮንክሪትን ቀዳዳም የሚያደርገው የበዛ ውኃ ነው። ለአንድ የ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከረጢት ውኃው ከ22 እስከ 25 ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበትም ይቆጠራል። ሠራተኛው «ደረቀብኝ» እያለ በባልዲ የሚጨምረው ውኃ ሥራውን ለዛሬ ያቀልለታል፤ ለነገ ግን ለውኃ መንገድ ይከፍታል። ከተሞላ በኋላ በቫይብሬተር በደንብ መመታት፣ ከዚያም ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይቋረጥ ውኃ መጠጣት አለበት። በተለይ የተለመደው ፒ ፒ ሲ ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ቀኑ ቢጨመርለት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን መጋጠሚያውን ልብ በሉ። ወለሉ ዛሬ ተሞልቶ ግድግዳው በሌላ ቀን ሲሞላ በመካከላቸው መስመር ይቀራል። ውኃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ መስመርና ቱቦዎች ግድግዳውን በሚያልፉበት ቦታ ነው። ለዚህ ሲባል ዋተር ስቶፕ የሚባል የፕላስቲክ ቀበቶ ግማሹ በወለሉ፣ ግማሹ በግድግዳው ውስጥ እንዲቀር ተደርጎ ይሞላል። በእኛ ሕንፃ አልተደረገም። የዚህን ቀበቶ ዋጋ ማትረፍ ምን እንዳስከተለ እያያችሁ ነው።

በነበረ ኮንክሪት ላይም የሚሠራ አንድ ዓይነት አለ። ክሪስታል የሚሠራው የሲሚንቶ ቅባት ነው። ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ በብሩሽ ይቀባል፤ ኬሚካሉ በእርጥበቱ ወደ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን በክሪስታል ይደፍናል። ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከውስጥ በኩል ቢቀባም ግፊት ይችላል። ልዩነቱን ያዙልን፦ ለሬንጅ ግድግዳው ደረቅ መሆን አለበት፤ ለክሪስታሉ ግን ግድግዳው አስቀድሞ መርጠብ አለበት። አሮጌውም ቀለም ሙሉ በሙሉ ተፍቆ ኮንክሪቱ መታየት ይኖርበታል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ግን እምነት አይጣልበትም። በየጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅንም አይደፍንም።

ሐ/ የገባውን ሰብስቦ ማስወጣት። ይህ መንገድ ከውኃው ጋር ትግል አይገጥምም። ከግድግዳው ውስጠኛ ፊት ጉብጉብ ያለ የፕላስቲክ ምንጣፍ ይሰቀላል፤ የገባው ውኃ ከጀርባው ወርዶ በወለሉ ጠርዝ ባለው ቦይ ወደ መሰብሰቢያ ጉድጓድ ይሄዳል፤ ከዚያ ፓምፕ ያወጣዋል። ጥሩነቱ ሊታይና ሊጠገን መቻሉ ነው። ድክመቱ ፓምፑ ነው። መብራት የሚጠፋው ደግሞ በዚያው በኃይለኛው ዝናብ ሰዓት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ፓምፕ ብቻ ያለው ቤዝመንት ፓምፕ እንደሌለው ይቆጠራል። ሁለተኛ ፓምፕና ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ ቦዩንም በየዓመቱ ግንቦት ላይ መጥረግ ግድ ነው።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁን መልሳችን «ክፍሉ ለምንድን ነው?» የሚል ነው። መኪና ለሚቆምበት ቦታ ጥቂት እርጥበት ቢታይ ጉዳት የለውም። እህልና ጨርቅ ለሚቀመጥበት ወይም የመብራት ማከፋፈያ ላለበት ክፍል ግን ጠብታም አይፈቀድም። አደጋው ከፍ ባለበትና ጥገናው አስቸጋሪ በሆነበት ቦታ ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ ከመተማመን ሁለቱን ማጣመር ይመከራል።

ጉዳዩ የሻጋታ ብቻ አይደለም

አንዲት እናታችን ባለፈው «ውኃ ገባ ብሎ ሕንፃ ይወድቃል እንዴ ልጆቼ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኮንክሪት ውስጥ ያለው ፌሮ ውኃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ሌላ ውኃ ይገባል። ነገሩ በአንድ ክረምት አይታይም፤ በዓመታት ይታያል።

በአሜሪካ አገር፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ሰርፍሳይድ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራ ባለ 12 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ነበር። እንደ እኛው ባለቤቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ያስተዳድሩታል። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የመሐንዲሶች ድርጅት መርምሮ፣ በመዋኛ ገንዳው አካባቢ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ያለው ሶሌታ የውኃ መከላከያው ዘመኑ ያለፈበት መሆኑን፣ ሶሌታውም ተዳፋት ሳይኖረው ጠፍጣፋ ሆኖ በመሠራቱ ውኃው እንደማይወርድና ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ከባድ ጉዳት እንደደረሰበት ጽፎ ሰጣቸው። የማኅበሩ አባላት በወጪው ላይ ሲከራከሩ ጊዜ አለፈ። መዋጮው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ሥራው ሊጀመር ሲል፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 ሌሊት የሕንፃው ከፊል ፈረሰ። 98 ሰዎች አለቁ።

ውኃው ብቻውን ገደላቸው አንልም። መርማሪዎቹ ያ ሶሌታ ከመጀመሪያውም በዲዛይኑ ከሚገባው በታች ደካማ እንደነበር ደርሰውበታል። የእኛም ሕንፃ ነገ ይወድቃል ብለን ልናስፈራራችሁ አልመጣንም፤ የጠራነው መሐንዲስ ፌሮው ገና ጉዳት እንዳልደረሰበት ነግሮናል። የምንለው ይህን ነው። ውኃ ጊዜ አይሰጥም፤ ስብሰባ ግን ጊዜ ይወስዳል። አሁን ርካሽ የሆነው ጥገና ከአሥር ዓመት በኋላ ርካሽ አይሆንም።

ያቀረብነው ሐሳብ

ከላይ በተገለጹት ምክንያቶች ኮሚቴው የሚከተለውን ያቀርባል።

1ኛ/ ከሁሉ አስቀድሞ የዝናቡን ውኃ ከሕንፃው ማራቅ። የአሸንዳ መውረጃዎቹ በዝግ ቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ይወሰዱ፤ የግቢው ሊሾ ተነቅሎ ተዳፋቱ ከሕንፃው ወደ ውጭ እንዲሆን ተደርጎ ይሠራ። ይህ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ነው። አሁኑኑ ሊጀመር ይችላል።

2ኛ/ ሕንፃው በሁለት ጎኑ ከግቢያችን ጋር ስለሚዋሰን፣ በእነዚህ ሁለት ጎኖች ከውጭ እስከ መሠረቱ ተቆፍሮ የሬንጅ ሜምብሬን ይለጠፍ። ከግርጌውም የተበሳሳ ቱቦ በጠጠር ተከቦ ይቀበር። ሜምብሬን የመረጥነው ጥቁሩ አፈር ሲያብጥና ሲሸሽ ግድግዳውን ስለሚያነቃንቀውና ደረቅ ልስን ይህን ስለማይችል ነው። ቁፋሮው ከጥር ሳይዘገይ በየክፍሉ፣ በጣውላ ድጋፍ እየተያዘ ይሁን። የአንድ ጎን መሠረት ሙሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ አይገለጥ። ሦስት ሜትር ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሠራተኛ ሕይወት ከጊዜ ማትረፍ ይበልጣል።

3ኛ/ ሌሎቹ ሁለት ጎኖች አንዱ ከጎረቤት ሕንፃ፣ አንዱ ከአስፋልቱ ጋር ስለሚያያዝ ከውጭ ሊቆፈሩ አይችሉም። ግድግዳው ኮንክሪት ስለሆነ በእነዚህ ጎኖች አሮጌው ቀለምና ልስን ተፍቆ ከውስጥ የክሪስታሉ ቅባት ይቀባ፤ የወለሉና የግድግዳው መጋጠሚያም እየተቦረቦረ በመርፌ በሚወጋ ማሸጊያ ይደፈን።

4ኛ/ በዝቅተኛው ጥግ መሰብሰቢያ ጉድጓድና ሁለት ፓምፕ ይኑር። በውጭ የሚቀበረው ቱቦም ወደዚሁ ያፍስስ። ተከራዮቹ ያላቸውን ጄኔሬተር ለዚህ ለማዋል ተስማምተዋል፤ እናመሰግናቸዋለን።

ስለ ታንከሩም አንድ ቃል። ከመሬት በታች ያለው የመጠጥ ውኃ ታንከራችን ችግሩ ሁለት ነው፤ ውኃው ይወጣል፣ የውጭው ቆሻሻም ሊገባ ይችላል። ለእርሱ ሬንጅም ሆነ ያገኘነው ቅባት ሁሉ አይሆንም። ለመጠጥ ውኃ እንደሚሆን በጽሑፍ የተረጋገጠለት የሲሚንቶ ዓይነት ብቻ ይቀባ። ከዚያም ሞልቶ ሰባት ቀን ኮንክሪቱ እንዲጠጣ ማቆየት፣ ቀጥሎ ሌላ ሰባት ቀን የውኃውን ከፍታ በየቀኑ ምልክት እያደረጉ መለካት ነው። ሳይፈተን ለተጠቃሚ አይከፈት።

ውሉ እንዴት ይሁን?

ባለፉት ሁለት ጊዜያት የተዋዋልነው «ቤዝመንቱን መቀባት» ብለን ነበር። ሰዎቹም ቀቡ። ውላቸውን ፈጽመዋል፤ ምንም ልንላቸው አልቻልንም። አሁን የምንዋዋለው ቤዝመንቱ ደረቅ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ውሉ እነዚህን ይያዝ፦

ሀ/ ሥራ ተቋራጩ የውኃውን ምንጭ ራሱ አይቶ በጽሑፍ ያስረዳ፤ የእኛንም ልኬት እንሰጠዋለን።
ለ/ ዕቃው ከመቀባቱ በፊት የአምራቹ መመሪያ ይቅረብልን፤ ስንት ኪሎ በስንት ካሬ ሜትር እንደሚያስፈልግ ታውቆ ባዶው ከረጢትና ባልዲ ይቆጠር። የሳሳ ቅባት የሚያዘው በዚህ ነው።
ሐ/ መጋጠሚያዎችና የቱቦ ማለፊያዎች በፎቶግራፍ ይያዙ።
መ/ አፈር ከመመለሱ በፊት ሜምብሬኑን መሐንዲሱና ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች አይተው ይፈርሙ።
ሠ/ ከክፍያው የተወሰነው አንድ ሙሉ ክረምት አልፎ ቤዝመንቱ ደረቅ መሆኑ እስኪታይ ድረስ በማኅበሩ እጅ ይቆይ። በበጋ የተረከብነው ሥራ በክረምት ካልተፈተነ ተረከብን አይባልም።

በመጨረሻም አንድ ወንድማችን ከስብሰባው በፊት «ይህ ሁሉ ከቀለሙ ስንት እጥፍ ያስወጣል?» ብሎናል። ትክክለኛውን ዋጋ የምናውቀው የታሸጉት የዋጋ ማቅረቢያዎች በፊታችሁ ሲከፈቱ ነው። ከቀለሙ ብዙ እንደሚበልጥ ግን አንደብቃችሁም። ለዚህም ነው ሥራውን በቅደም ተከተል ያቀረብነው። ገንዘቡ ባይበቃን ከአንደኛው ጀምረን የሚቀጥለውን ክረምት ቱቦዎቹን እየለካን እንጠብቃለን። ውኃው ከወረደ የቀረውን በልክ እንሠራለን። የማንቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምንጩን ሳንነካ ሦስተኛ ጊዜ መቀባት።

ቱቦዎቹ አሁንም በቦታቸው ናቸው፤ ማንም አባል መጥቶ በራሱ እጅ ሊለካ ይችላል። የየሳምንቱ ልኬት የተጻፈበት ደብተርም በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ልጆች ቱቦዎቹ ውስጥ ጠጠር እንዳይጨምሩ ወላጆች እባካችሁ ምከሩልን።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችሁም ተገኝታችሁ ድምፅ እንድትሰጡ አደራ እንላለን። 

የሕንፃ ጉዳይ ኮሚቴ